የጋሽ አወል ሰላምታና የሚዛኑ ፕሮግራም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ያመጣሉ። የቴሌቪዥን ሪሞት፣ ቻርጅ የማያደርግ ስልክ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቬንትሌተር። "ኮምፒውተር ስትሠሪ አልነበር እንዴ የኖርሽው? ይሄማ ላንቺ ምን አላት!" ይሉኛል። የእኔ ሥራ ፕሮግራም መጻፍ እንደነበረ፣ ፕሮግራም ደግሞ በካቻቢቴ እንደማይፈታ ለማስረዳት ሞክሬ ሞክሬ ተውኩት። ቬንትሌተሩን ግን ጠግኜዋለሁ። ሽቦው ተነቅሎ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ምን ስሠራ እንደኖርኩ ልጻፈው ያልኩት። ልጆቼም ቢሆኑ "እማዬ ቢሮ ትሠራ ነበር" ከማለት አያልፉም።

ስሜ ፀሐይ ነው፤ የባቡር ልጅ ነኝ። አባቴ በባቡሩ ጋራዥ በያጅ ነበር፤ ለእኔ የተመኘልኝ ደግሞ ጽሕፈት ተምሬ፣ እጄ ሳይጠቁር ቢሮ እንድውል ነው። ተሳካለት። አንድ የጭነት ማመላለሻ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ሆኜ ገባሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ እየተንጎራደደ ነበር። ወደ መስኮቱ ሲጠጋ የሚለው አይሰማኝም፤ ያልሰማሁትን ከራሴ እሞላዋለሁ። አንድ ቀን "ከአንቺ በፊት እኮ ደብዳቤዬ እንዲህ አያምርም ነበር" ብሎ አመሰገነኝ። እኔም ቀጣዩን ወረቀት አስገባሁ።

እዚያ ቢሮ ኮምፒውተር የመጣ ዕለት ሁሉም ፈሩት። ዳንቴል አልብሰው ጥግ አስቀመጡት፤ ጠዋት ጠዋት አቧራው ይጠረግለታል። ዳንቴሉን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከሥራ ስወጣ ኮርስ እየወሰድኩ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። ቀጥሎ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ፤ እዚያ አለቃችን የድሬ ሰው ስለነበር፣ ከተማው በሙሉ በቀትር እንደሚያርፈው ማሽኑም እንዲያርፍ አዘዘ። "እሱስ ሙቀቱ አይሰማውም?" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የጥጥ ብናኝ የጠጣው ማሽን ከቀትር በኋላ ይግል ነበር። ስለ ደመወዙ ባታነሱብኝ ደስ ይለኛል። ለገንዘብ ብዬ ቢሆን ሳንቡሳ እሸጥ ነበር።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን በሦስተኛው ቦታ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚያልፉ የጭነት መኪኖችን የሚመዝን የግል ድርጅት ነበር፤ ከድሬ ወጣ ብላ ባለችው መልካ ጀብዱ የመኪና ሚዛን ነበረው። ፕሮግራሙን የምንሠራው ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ሰሚራ የምትባል ሳቂታ የሥራ ባልደረባዬና አለቃችን ኢንጂነር ሙክታር። ሙክታር ሐረር ተወልዶ ድሬ ያደገ፣ ውጭ አገር የተማረ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጥ ሰው ነበር። ቢሆንም "አንተ" ነው የምንለው። ድሬ ላይ አንቱታ አይበረክትም፤ አንቱ ያልነው ሰው ምን አጠፋሁ ብሎ ይጨነቃል። ጠዋት ሱሪውን ተኩሶ ይመጣል፤ ቀትር ሲሆን ቢሮ ውስጥ ሽርጥ ይለብሳል። ሙሸበክ፣ ያን በዘይት የሚጠበሰውን ጣፋጭ፣ እየበላ ኮድ ያነባል፤ ቅባት በነካው እጅ ግን ኪቦርድ አያስነካም።

የማልረሳለት ልማዱ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ሲያስቸግረን ሁላችንንም ከወንበራችን ያስነሳና "ሰው እንሁን" ይለናል። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይወስደንና ለእያንዳንዳችን የፕሮግራሙን አንድ አንድ ክፍል ይሰጠናል። አንዷ ፋይል ትሆናለች፣ አንዷ ፕሪንተር ትሆናለች፣ እሱ ስልክ ይሆናል። ፕሮግራሙ የሚያደርገውን በእግራችን እየሄድን፣ በእጃችን እየተቀባበልን እንሠራዋለን። ጥበቃው ሁልጊዜ "ዛሬም ቲያትር አለ?" እያለ ወንበሩን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን አፍር ነበር። በኋላ ግን ወረቀት ላይ ያላየሁትን ስህተት እግሬ ስንቴ እንዳሳየኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ይረጋል። ሲረጋ ክብደቱ ይመዘገባል፣ መኪናው የሚያልፍበት አግዳሚ ይነሳል፣ ቀጥሎ ቲኬት ይታተማል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንድ ፕሮግራም ቢሆንም ውስጡ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች አሉ። በሙያው "ትሬድ" ነው የምንላቸው። አንዱን "ተመልካች"፣ ሌላውን "ጸሐፊ" ብለናቸው ነበር። ተመልካች ዓይኑን ከሚዛኑ አይነቅልም። ጸሐፊ መዝግቦ፣ አግዳሚውን አንስቶ፣ ቲኬት ያትማል። አንዱ ሁለቱንም ቢሠራ ፕሪንተሩ ላይ ሲያፈጥ ሚዛኑ ያመልጠዋል። ስለዚህ ተመልካች "ረግቷል፣ ጻፍ" ብሎ ምልክት ይሰጣል፤ ጸሐፊ ደግሞ ሥራ ሲያጣ ተኝቶ ምልክቱን ይጠብቃል። የፕሮግራሙ ጤና ያለው በዚህ ምልክት ላይ ነው።

መልካ ጀብዱ ያለው ኮምፒውተር በዊንዶውስ የሚሠራ ነበር። ድርጅቱ ከከተማው መውጫ ላይ ሁለተኛ ሚዛን ሲተክል ግን መዳፍ የምታህል፣ በሊኑክስ የምትሠራ ኮምፒውተር ተገዛች። ሙክታር ፕሮግራሙ አንድ ሆኖ በሁለቱም ላይ እንዲሠራ ፈለገ። ስለዚህ "ንገር" እና "ጠብቅ" የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች አወጣን። ፕሮግራሙ የሚያውቀው እነዚህን ብቻ ነው፤ ከበታቻቸው ያለው ሥራ ለዊንዶውስ ለብቻ፣ ለሊኑክስ ለብቻ ይጻፋል። የዊንዶውሱን ሙክታር ጻፈ፣ የሊኑክሱ ለእኔ ደረሰኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሙከራውን ያደረግነው በድርጅቱ ሁለት መኪኖች ነው። ከፊት የሚነዳው ጋሽ አወል ነው። ጋሽ አወልን የማያውቅ የድሬ ሹፌር የለም፤ ሰላምታው ነው ያስታወቀው። ለኦሮሞው በኦሮምኛ "አካም? ነጋያ? ፈያ?" ይላል፣ ለሶማሌው በሶማልኛ፣ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ እስከ እናቴ ጉልበት ድረስ ዘልቆ ይጠይቃል። አግዳሚው ሲነሳለት ወደ ቲኬቱ መስኮት ጠጋ ይልና፣ የመኪናው ጭራ ገና ከሚዛኑ ሳይወርድ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ሰላምታ ይጀምራል። ከኋላው ያለው ሹፌር ክላክስ አያደርግም፤ እሱም ተራው ሲደርስ ያንኑ ነው የሚያደርገው። ስንት ቀን እንዲህ ሞከርነው፤ አንድም ጊዜ አልከሸፈም። ሰሚራ ጣቷን ስማ ኮምፒውተሯን ነካቻት፣ ዓይን እንዳይበላት።

የምረቃው ዕለት እንግዶች መጡ፣ አበባና ሪባን ተሰቀለ። የድርጅቱ ባለቤት አቶ ተካልኝ ንግግር አደረገ። ቀጥሎ ሙክታር ማይክ ተቀበለና፣ ሙገሳ የማይወድ ሰው፣ "ይሄን የሠሩት የድሬ ልጆች ናቸው። አንድ መስመር እንኳን ከሌላ አልተዋስንም" አለ። እጄን ይዞ ወደ ፊት አወጣኝ። ያን ሰዓት አባቴ ቢኖር ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መኪኖቹ መምጣት ጀመሩ። የሩቅ መንገድ ሹፌሮች ናቸው፤ ችኩሎች። የመጀመሪያው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ፍየል የጫነ መኪና ነበር። ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ቁጥሩ ረጋ፣ አግዳሚው ግን አልተነሳም። ጠበቅን፤ ምንም። ፕሮግራሙን ዘግተን ከፈትነው፤ ተነሳና ሌላ ሁለት መኪና አሳልፎ እንደገና ቆመ። እንዲህ እየሆነ ሰልፉ ረዘመ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። ሌላ ፍየል የጫነ ሹፌር፣ አብዲራህማን የሚባል ሶማሌ፣ ከፊት አግዳሚ ከኋላ መኪና ይዞት ሚዛኑ ላይ ቀረ።

"ናያ!" አለኝ ከላይ ሆኖ፤ በሶማልኛ "አንቺ" ማለቱ ነው። "ፍየሎቹ ሊሞቱ ነው! አንቺ ደሞ ቲቪ ታያለሽ!"

"ትንሽ ታገሠኝ፣ አብሽር" አልኩት።

"እኔ ታገሥኩ፤ ፍየል ትዕግሥት ያውቃል ወይ?"

ጥበቃዎቹ ፍየሎቹን ወደ ጥላ አወረዷቸው። ፍየል ጥላ ብቻ አይበቃውም። አበባውን በሉት፣ ሪባኑን ጎትተው አወረዱት፣ አንዷ ወንበር ላይ ወጥታ የእንግዶቹን ኬክ ተሳለመች። እንግዶቹ ሳቁ፤ አቶ ተካልኝ አልሳቀም። በመጨረሻ አግዳሚው በሰው እጅ ተነሳ፤ ሰልፉ ሁሉ ሳይመዘን አለፈ።

አቶ ተካልኝ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ሲናደድ አንቱ ይላል። "ኢንጂነር፣ እስከ ሰኞ ሰጥቼዎታለሁ" አለው። "ሰኞ እኔ ራሴ መኪኖቹን አሰልፋለሁ። አንድ ጊዜ ቢቆም ከውጭ የተሠራ ፕሮግራም አስመጣለሁ፣ ክፍላችሁ ይዘጋል።" ሙክታር ለጡረታ ትንሽ ነበር የቀረው። በሰው ፊት ስማችንን የጠራበት ሥራ የመጨረሻው ሥራው ሊሆን ነው፤ ያውም ውድቀት ሆኖ። እኔና ሰሚራ ደግሞ እንጀራችን ነው። ሰሚራ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ሙክታር ይጮህብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሙሸበክ ገዝቶ ጠበቀን። "ብሉ" አለ። "ከዚያ እጃችሁን ታጠቡና ሰው እንሁን።"

ኒሟ ሥር ወጣን። ሰሚራ ተመልካች ሆነች፣ እኔ ጸሐፊ፣ ሙክታር ፕሪንተር። መኪና የሚሆን ሲጠፋ ጋሽ አወልን ጠራነው። መሬት ላይ በኖራ አራት ማዕዘን ተሰመረ፤ ሚዛኑ እሱ ነው። መጥረጊያው አግዳሚ ሆነ። ሕጉን ሙክታር ነገረን። ጋሽ አወል ኖራው ውስጥ ገብቶ ሲቆም ሰሚራ አንድ ጊዜ ታጨበጭባለች፤ አንድ መኪና፣ አንድ ጭብጨባ። እኔ ወንበር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ። ወንበሩ ላይ እያለሁ ከሆነ ጭብጨባው ያነቃኛል፤ ወንበሩ ላይ ካልሆንኩ ግን ጆሮ የለኝም። ከነቃሁ መጥረጊያውን አነሳለሁ፣ ሙክታር ጋ ሄጄ "ጥርርር" ብሎ ሦስት ኮፒ እስኪያትም እቆማለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ጋሽ አወል ኖራው ውስጥ ቆመ። ጭብጨባ። ተነሳሁ፣ መጥረጊያውን አነሳሁ። ጋሽ አወል አንድ እርምጃ ወደፊት አለና "ፀሐይ፣ እንዴት አደርሽ? እናትሽስ? ያ ጉልበቷ ተሻላት? ልጆችስ?" አለኝ። ተሽሏታል አልኩት። ሙክታር ጥርርሩን ጨረሰ፣ እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጋሽ አወል ዞሮ ተመልሶ ቆመ። ጭብጨባ። እንደገና ሠራ። አሥሬ ብንለውም ይሠራል። ጥበቃው ሳይቀር ሰለቸው።

ሙክታር ድንገት ማተሙን አቆመና "ጋሽ አወል፣ የምረቃው ዕለት የመጡት ሹፌሮች ሰላም ብለዋል?" አለው።

"እነሱ? አቦ ተወኝ! ወደፊት ሸሽተው ያቆሙና በእግራቸው መጥተው ቲኬት ነጥቀው ነው የሚሄዱት። መኪና እንጂ ሰው አያዩም።"

"አንተስ ሰላም ሳትል አልፈህ ታውቃለህ?"

"አስተግፊሩላህ! ሰው አልፌ?"

ሙክታር ከተቀመጠበት ተነሳ። "አሁን ሰላም ሳትል እለፍ።"

"እምቢ።"

"ጋሽ አወል፣ ለሥራ ነው።"

"ለሥራም ቢሆን። ፀሐይን? አባቷን የማውቃትን ልጅ?"

ለመንነው። በመጨረሻ እሺ አለና ቆመ፤ ጭብጨባ፤ መጥረጊያውን አነሳሁለት። ሁለት እርምጃ እንደሄደ "እናትሽ ግን..." ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። እንደገና። አሁን ደግሞ አልተናገረም፣ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ፣ ቆሞ። ሰሚራ እየሳቀች ሆዷን ደገፈች። በመጨረሻ ፎጣውን አፉ ላይ ጠመጠመ፣ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ሮጦ አለፈኝ። ወዲያው ዞሮ፣ ሁለተኛ መኪና ሆኖ፣ ኖራው ውስጥ ገባ። ሰሚራ አጨበጨበች። እኔ ገና ሙክታር ጋ ቆሜ ሁለተኛውን ኮፒ እየጠበቅኩ ነው። ሦስተኛው አልቆ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እኔ እጠብቃለሁ። ጋሽ አወል ኖራው ውስጥ ቆሟል። ወፎች ይጮኻሉ።

"ሰሚራ፣ አጨብጭቢ እንጂ" አልኩ ዓይኔን ሳልገልጥ።

"አጨብጭቤያለሁ እኮ።"

"እኔ አልሰማሁም።"

"ወንበሩ ላይ አልነበርሽማ!"

ሙክታር እንደ ልጅ ዘለለ። "ወላሂ ይሄ ነው! ይሄ ነው!" እያለ ሽርጡን በአንድ እጁ ይዞ ኒሟን ዞራት። ጋሽ አወል ፎጣውን ከአፉ ፈቶ "አሁን ሰላም ልበላት?" አለ፤ ተፈቀደለት፣ ከነወለዱ ከፈለ።

ነገሩ ይሄ ነው። በዊንዶውስ በኩል የተጠቀምንበት ምልክት ባንዲራ ነው፤ ከተሰቀለ በኋላ ጸሐፊ መጥቶ እስኪያወርደው ተሰቅሎ ይጠብቃል። በሊኑክስ በኩል የተጠቀምኩበት ግን ጭብጨባ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የተኛ ሰው ካለ ይነቃል፣ ከሌለ ነፋስ ይወስደዋል። እኔ ሁለቱ አንድ መስለውኝ "ንገር" የሚለውን ጭብጨባ ብቻ አድርጌው ነበር። የጋሽ አወል ሰላምታ ጸሐፊው አትሞ ወደ ወንበሩ እስኪመለስ ጊዜ እየገዛለት ስንት ቀን ሸፈነልን። እኛም ደግ ሰው ከፊት አሰልፈን ፕሮግራሙ ጎበዝ ነው እንል ነበር።

መድኃኒቱንም እዚያው ኒሟ ሥር አገኘነው። ሙክታር ኮፍያውን ለሰሚራ ሰጣት። ከማጨብጨቧ በፊት ኮፍያውን ወንበሬ ላይ ታስቀምጣለች። እኔ ከመቀመጤ በፊት ወንበሩን አያለሁ፤ ኮፍያ ካለ አልተኛም፣ አንስቼው ወደ ሥራዬ። ከእንቅልፌ ስነቃም መጀመሪያ የማየው ኮፍያውን ነው፤ ሊኑክስ ላይ አንዳንዴ ማንም ሳይጠራው የሚነቃ ትሬድ አለና፣ ኮፍያ ከሌለ ተመልሶ መተኛት ነው። ደግሞም እኔ ወንበሩን አይቼ ልተኛ ስል ሰሚራ በመሃል እንዳታስቀምጥ፣ ወንበሩን የምንነካው በተራ ነው፤ ለዚህ የቢሮው ቁልፍ አገለገለን፣ ቁልፉን ያልያዘ ወንበሩን አይነካም፣ እኔም የምለቀው ልክ ስተኛ ነው። ከዚያ ገብቼ ጻፍኩት። ጥቂት መስመር ናት።

ሰኞ አቶ ተካልኝ ቃሉን ጠበቀ። መኪኖቹን አፍንጫና ጭራ አገናኝቶ አሰለፋቸው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሚዛኑ አጠገብ ቆመ። ሹፌሮቹን "ማንም እንዳይቆም፣ ዝም ብላችሁ እለፉ" አላቸው። ጋሽ አወል በሰልፉ ውስጥ ነበር፤ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ አለፈ፣ ጀርባው ግን ያሳዝን ነበር። አንዱ ወርዶ ሳያልቅ ሌላው ይወጣል፣ ፕሪንተሩ ይንጫጫል፣ አግዳሚው ይነሳል፣ ይወርዳል። ሰሚራ በጆሮዬ ዱዓ ታደርጋለች፤ እኔ ማርያምን እጠራለሁ። ሙክታር ስክሪኑን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

ወደ መጨረሻው አብዲራህማን ፍየሉን ጭኖ ሚዛኑ ላይ ወጣ። አየኝ። "ናያ፣ ዛሬስ?" አለኝ።

አግዳሚው ከመልሴ በፊት ተነሳ። ሰላም ሳይል ነዳው፤ በሕይወቴ ሰላም ባለማለቱ ያመሰገንኩት እሱን ብቻ ነው።

ሰልፉ ሲያልቅ አቶ ተካልኝ ወደ ክፍላችን መጣ። ምስጋና ይከብደዋል፤ ግድግዳውን አየ፣ ፕሪንተሩን አየ። "የመልካ ጀብዱውም አሮጌ ነው። በዚችኛዋ ይተካ፤ ከነገ ጀምሮ" አለና ወጣ። ሰሚራ እልል አለች፤ ግቢው ውስጥ ያሉት ጥበቃዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። ሙክታር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ሳለ እንባው መጣ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ነገ ስንት ሰዓት እንነሳ?" አልኩት።

"እንነሳ የለም። አንቺ ነሽ የምትሄጂው።"

"ሙክታር፣ ብቻዬን?"

"አብሬሽ ከመጣሁ የእኔ ይባላል" አለ፤ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ። "የእኔ አይደለም።"

በማግስቱ ትንሿን ኮምፒውተር በከረጢት ይዤ በሚኒባስ መልካ ጀብዱ ወረድኩ። የግቢው ጥበቃ በሩን ገርበብ አድርጎ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየ።

"ቆይ እህቴ፣ ኢንጂነሩን እየጠበቅን ነው" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

በሩን እስከ ዳር ከፈተው።